በዝናብ አገር የማይደርቅ ጨርቅ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን መታወቂያዬን ለማሳደስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ፎርም የምትሞላው ወጣት ዕድሜዬን፣ የትውልድ ቦታዬንና የቤት ቁጥሬን ከጠየቀችኝ በኋላ «የቀድሞ ሥራ?» አለችኝ። «ልብስ ሰፊ» አልኳት። ጻፈችና ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያ ሞዴስ የሚሰፋበት ቤት አልነበሩም እንዴ?» ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ነበርኩ አልኳት። ሁሩሙ ሰባተኛ ክፍል ስትማር ከእኛ ወስዳ እንደነበር ነገረችኝ። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ቁልፉ ግን ቶሎ ይወልቅ ነበር» ብላ ማኅተሙን መታችልኝ።

እውነቷን ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ቁልፍ ይወልቅ ነበር። እየሳቅሁ ወጣሁ፣ መንገድ ላይ ግን ሳቄ ጠፋ። ቁልፍ ከመውለቅ እጅግ የከፋ ነገር ሠርቻለሁ፤ እሱን ግን ማንም አይጠይቀኝም። እዚህ መቱ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ አርፈዋል። ነገርን ነገር ያነሣዋል እንደሚባለው፣ ያቺ ልጅ ቁልፉን ስታነሣብኝ ሌላውን እኔ ራሴ ላንሣው ብዬ ብዕር ያዝኩ።

ግርማ እባላለሁ። መቱ ገበያው አጠገብ አንዲት ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ለብዙ ዓመት ሱሪና ኮት፣ ይበልጡን ደግሞ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ኖርኩ። እጄ ይመሰገን ነበር። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየሱቁ መሰቀል ሲጀምር ግን ኮት የሚያሰፋ ጠፋ፤ ዩኒፎርሙም በጨረታ ለትልልቆቹ ስፌት ቤቶች ሄደ። በዚህ መሐል አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ ግንብ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ለሴት ተማሪዎች የሚል ነገር አለበት። ዩኒፎርም ነው ብዬ ተመዘገብኩ። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወር ጠብቆ የሚመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የተቀበሉኝ ሲስተር ዘነበች ናቸው። በኢሉባቦር ጤና ጣቢያዎች አዋላጅ ነርስ ሆነው ሲዞሩ የኖሩ፣ አጭር፣ ድምፃቸው ወፈር ያለ ሴት ነበሩ። ከቦርሳቸው አንድ ነገር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «የምንሰፋው ይሄን ነው» አሉኝ። ምን እንደሆነ ሲገባኝ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ላክሁት። እሳቸውም አብረውኝ ወደ ጣሪያው አዩ። «ግርማ፣ እሱ ቆርቆሮ ነው፤ አይሰፋም። የሚሰፋው እዚህ ነው ያለው።»

ከዚያ ቁጭ አድርገው እንደ ልጅ አስረዱኝ። ገጠር ያለች ተማሪ ሞዴስ የምትገዛበት የላትም፤ ቢኖራትም የሚሸጥበት ሱቅ የለም፤ ሱቅ ቢኖርም ሻጩ የአጎቷ ልጅ ነው። ያረጀ ጨርቅ ቀድዳ ትይዛለች፣ ጨርቁ ያሳልፋል፣ ስለዚህ በየወሩ አራት አምስት ቀን ቤቷ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ቀሚሷን ደም ነክቶት የተሳቀባት እንደሆነ ደግሞ ጭራሽ ትቀራለች። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ይህን ሁሉ ግን በዚያ ዕድሜዬ መጀመሪያ የሰማሁት ከሲስተር ዘነበች አፍ ነው። ማፈሬ ግን አልለቀቀኝም። ለሙያ ጓደኞቼ የሕፃን ለሃጭ መቀበያ ነው የምንሰፋው እያልኩ ስዋሽ ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አንድ ቀን ወደ ሁሩሙ ስሄድ ጭኔ ላይ የያዝኩት ማዳበሪያ ሚኒባሱ ጉድጓድ ሲገባ ተተረተረና ዕቃው በተሳፋሪው ጉያ ሁሉ ተበተነ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት አንዱን አንሥተው አገላብጠው አዩት። «ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። «የድስት መያዣ ነው እማማ» አልኳቸው። ከጎኑ የወጣውን ክንፍ በጣታቸው ዙሪያ ጠቀለሉና «ደግ አስበሃል፤ ሁለት ስጠኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ከኋላ ወንበር ሦስት ተማሪዎች ሻሻቸውን አፋቸው ውስጥ ጨምረው እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። እነሱ አውቀውታል።

የምንሰፋው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ከላይ ገላ የሚነካው ለስላሳ ጥጥ፣ መሐሉ ፎጣ፣ ከሥር ውኃ የማያሳልፍ ስስ ገበር፣ ግራና ቀኝ ክንፍ፣ ክንፉ ላይ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ። ኮት ለሰፋ ሰው ጨዋታ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ነበር። ክብ ጠርዝ ላይ ሦስት ዓይነት ጨርቅ አንድ ላይ ሲሰፋ የታችኛው ይሸሻል፣ የላይኛው ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ጠርዝ ደግሞ ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትሄድን ልጅ ጭን ይልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ መወስወስ፣ ከዚያ በመኪና ማስኬድ፣ ከዚያ ገልብጦ ጠርዙን በጥፍር እያወጡ ዳግመኛ መስፋት ያስፈልጋል። ገበሩ አንዴ ከተወጋ ቀዳዳው አይደፈንም፤ ተሳስቻለሁና ልተርትረው አይባልም። በሳሙና ቁራጭ ምልክት አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሰፋው።

ሲስተር ዘነበች ክር በመርፌ ማስገባት እንኳ አይሆንላቸውም ነበር፤ ሥራውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ከሰፋሁት ሁሉ ከየዓይነቱ አንዳንድ እየወሰዱ ቤታቸው በእጃቸው ያጥባሉ። ሲደርቅ በክንዳቸው ውስጠኛ ገላ ላይ፣ የሕፃን ገላ መታጠቢያ ውኃ በሚለካበት ቦታ፣ ያስቀምጡትና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ። ይቆረቁራል ካሉ ይቆረቁራል፤ ክርክር የለም። ገጠር ስንወርድ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጨርቁን የምትወስድ ልጅ ቤት ገብተው ሰላምታው ካበቃ በኋላ ስለ ልጅቷም ስለ ትምህርቷም አይጠይቁም። በኦሮምኛ «እስቲ መጀመሪያ ልብስ የምታሰጡበትን ገመድ አሳዩኝ» ይላሉ። እናቶቹ ግር ይላቸዋል። እሳቸው ጓሮ ዞረው ገመዱን፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን፣ ጎረቤት አሻግሮ የሚያይበትን ሁሉ ተመልክተው ይመለሳሉ። እኔ ደጅ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ቀን ምን ይሠራልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ በዚህ አገር ስንት ልጅ አዋልጃለሁ። የታጠበ ነገር ሁሉ ደርቋል ብለህ አትመን» አሉኝ። እሺ ብዬ አለፍኩት።

ጥቂት ዓመታት እንዲህ ሠራን። ከዚያ እኅታቸው ታመሙባቸውና ጅማ ሄደው ለወራት ቆዩ። የስፌት ክፍሉ ኃላፊ እኔ ሆንኩ፤ ከእኔ ጋር አራት ሴቶች ይሠሩ ነበር። በዚያ ጊዜ ከዳሪሙ ቅሬታ መጣ። የዳሪሙ ልጆች መንገዳቸው ሩቅ ነው፤ ማለዳ ወጥተው የሚመለሱት ሲመሽ ነው። ጨርቁ ቀኑን ሙሉ አይዝልንም፣ ያሳልፋል አሉ። እውነታቸውን ነበር። የልብስ ሰፊ ኩራቴ ተነካ። ፎጣውን ሁለት፣ ከዚያ ሦስት አደረግሁት፤ እንዳይንሸራተት በመስመር በመስመር ሰፋሁት። ሲያልቅ የካፖርት ትከሻ መሰለ። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፈሰስኩበት፤ ጠብ አላለም። ሴቶቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። አስተባባሪያችን ሀብታሙ የሚባል ወጣት ፎቶ አነሣው።

ከሴቶቹ አንዷ «ጋሼ፣ ይሄ ቶሎ ይደርቃል?» አለችኝ። «ፀሐይ የማያደርቀው ምን አለ?» ብዬ መለስኩላት። ያጠብኩትን ናሙና እኔ ያደረቅሁት በከሰል ካውያ ነበር። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ዝናቡ መጋቢት ላይ ከገባ እስከ ጥቅምት ኅዳር እንደማይወጣ እያወቅሁ፣ ያን ቃል ተናገርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የተመነጠረው ግን እኔ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

መጋቢት መጨረሻ ወፍራሙን ጨርቅ ዳሪሙ ወስደን አደልን። ከልጆቹ መሐል አንዷን አስታውሳታለሁ፤ ቢፍቱ ትባላለች፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ። ሌሎቹ መሬት መሬት ሲያዩ እሷ ፊት ለፊት እያየችኝ ስንት ጊዜ መታጠብ እንደሚችል ጠየቀችኝ። ጠያቂ ልጅ ደስ ይለኛል፤ በደንብ አስረዳኋት። ስለ ማድረቅ ግን እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አልነገርኳት።

ቢፍቱ እንዳስረዳኋት አድርጋ አጠበችው። ሰው እንዳያይባት ጓዳ ውስጥ ከእህል ጆንያ ኋላ ሰቀለችው። ደጁ ዝናብ፣ ጓዳው እርጥብ ነው፤ በሦስት ቀንም አልደረቀም። ትምህርት እንዳያመልጣት እርጥቡን አድርጋ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። በሁለተኛው ወር ገላዋ ቆሰለ፣ ትኩሳት ያዛት። አባቷ ኦቦ ተሬሳ አዝለው መኪና መንገድ አድርሰው፣ ከዚያ መቱ አምጥተው አሳከሟት። ዳነች።

ሀብታሙ የሆነውን የምንዘግብበትን ፎርም ይዞ መጣ። «ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ነበረው። ሁለታችንም ደንግጠናል። እሱ ብዕሩን ይዞ አየኝ። ያን ጊዜ ጨርቁን ላጥበውና ልየው ማለት እችል ነበር። «ምናልባት ንጽሕናውን አልጠበቀችው ይሆናል» አልኩ። እሱ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ።

ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ቢቀር ኖሮ ኃጢአቱ የእኔና የሀብታሙ ነበር። ለጥንቃቄ ተብሎ ግልባጩ ለትምህርት ቤቱ ተላከ። አንድ መምህር በጎ ያደረገ መስሎት በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ አነበበው፤ ንጽሕናዋን ባለመጠበቋ የታመመች ተማሪ አለችና ተጠንቀቁ አለ። ስም አልጠራም። ታማ መቱ የሄደች ልጅ ግን አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከሕመሟ ከተመለሰች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ሰልፉ ውስጥ ቆማለች። ደብተሯን ይዛ ወጥታ ሄደች፣ አልተመለሰችም። አባቷም ከእንግዲህ አትሄድም አሉ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ካልተፈተነች ትምህርቷ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከማዶ ሰፈር ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬም ደረሰን።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሲስተር ዘነበች ከጅማ ተመለሱ። ሀብታሙ ሁሉን ነገራቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ከወፍራሙ ጨርቅ አንዱን አንሥተው አጠቡና የስፌት ክፍሉ ግድግዳ ላይ፣ ከመኪናዬ ፊት ለፊት ሰቀሉት። ሰኞ ነበር። በየቀኑ እሱን እያየሁ ሠራሁ። ሐሙስ አወረዱትና ክንዴን ይዘው ውስጠኛው ገላ ላይ አስቀመጡት። ቀዘቀዘኝ። ሽታም ነበረው።

«ይሄን ልብስህ ውስጥ አድርገህ ዳሪሙ ድረስ በእግርህ ትሄዳለህ?» አሉኝ።

ክንዴን ልስብ ስል አልለቀቁኝም።

«ልጅቷ ቆሻሻ ነኝ ብላ ቤቷ ተቀምጣለች። አንተ ፈርመህበታል። ሄደህ ንገራት።»

«አባቷንስ ምን ብዬ ነው? ወንድ ለወንድ ይሄ ይወራል እንዴ ሲስተር?»

«የሰፋኸው አንተ፣ የምታወራውም አንተ» አሉና ጨርቁን እጄ ላይ ትተውት ወጡ።

ያን ቀን ቤት ገብቼ ባለቤቴን አስቴርን አንድ ነገር ጠየቅኋት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ጠይቄያት የማላውቀውን። «አንቺ የት ነበር የምታደርቂው?» አስቴር መጀመሪያ አልገባትም፣ ሲገባት ሳቀች። «ከተኛህበት ፍራሽ ሥር ነዋ» አለችኝ። ይደርቅ ነበር ወይ አልኳት። «አንዳንዴ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እጅግ አፈርኩ። የዳሪሙን ልጅ ጓዳ አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ የራሴን አልጋስ?

ቅዳሜ ዕለት ቦቲዬን አጥልቄ ወጣሁ። መኪና እስከሚገባበት ተሳፈርኩ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግሬ ያዝኩት። ኦቦ ተሬሳ ቤታቸው ፊት ለፊት፣ እግረኛ ከሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ የቡና ማስጫ አልጋቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። አልጋው በአራት ግንድ ላይ የተዘረጋ ቀርከሃ ነው፤ ቡናው የሚደርሰው ከክረምት ወዲያ ስለሆነ ባዶውን ነበር። ከመቱ እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው ተዘጋ። ቢሆንም እንግዳ ነኝና ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ መንገዱ አወራን። ስለ ንብ ቀፎ ሁሉ አወራን። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እያልኩ በልቤ ቃል ስመርጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ።

በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፤ «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለልጆቹ የታደለውን ጨርቅ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

«ሳፉ» አሉ፤ ነውር ነው፣ አይነሣ ማለታቸው ነው። ቀርከሃውን ማሰር ቀጠሉ።

«እሺ። ጨርቁን ብቻ ልናገር። ወፍራም አደረግሁት። አይደርቅም። ልጅዎ በደንብ ነው ያጠበችው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» የገበያ ኦሮምኛዬን አውጥቼ ደገምኩት፤ «ዶጎጎሪ ከን ኮቲ።»

የያዙትን ቋጠሮ አጠበቁ። ከዚያ ከእጃቸው ቀና ሳይሉ «ስንት ጣት ነው?» አሉኝ።

አልገባኝም። ጣቶቻቸውን አጋድመው አሳዩኝ፤ ውፍረቱን መጠየቃቸው ነው። እኔም ጣቶቼን አጋድሜ አሳየኋቸው።

«ቡና ይህን ያህል ከከመርከው ፀሐይ ላይም ይሻግታል» አሉ። «ስስ አድርገህ ትዘረጋዋለህ፣ ታገላብጠዋለህ፣ ዝናብ ሲመጣ ትሸፍነዋለህ። የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። በንቀት ነበር፣ ይገባኝም ነበር። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው «ቢፍቱ፣ ኮቱ» ብለው ጠሩ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ወጣች። ከስታለች። አባቷ ለእኔ የነገርከኝን ለእነሱም ንገራቸው አሉኝ። ነገርኳቸው። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ቢፍቱ እንደዚያ ቀን ፊት ለፊት አየችኝ።

«ታዲያ ለምን እንደዚያ ብላችሁ ጻፋችሁ?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፤ አልነበረም።

«ለእኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ይሆናል ጋሼ? እነሱ የሰሙት ሰልፍ ላይ ነው። እዚያው ይንገሩልኝ። ከዚያ እፈተናለሁ።»

አባቷን አየሁ። እሳቸው ደግሞ ቀርከሃውን እያዩ ነበር። ዝምታቸው እሺ መሆኑ የገባኝ ሲከለክሏት ባለመስማቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት እዚያ ትምህርት ቤት ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆምኩ። ሲስተር ዘነበች አብሬህ ልምጣ ብለውኝ እምቢ ብዬ ነበር፤ እዚያ ስቆም ተጸጸትኩ። የወር አበባ መጠበቂያ ሰፊ ነኝ አልኩ። ወንዶቹ ሳቁ። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አደረግሁት፤ እንደገና ሳቁ፣ እንደገና ጠበቅሁ። ከዚያ ይህ ጨርቅ እንደማይደርቅ፣ የታመመችው ተማሪ አንዳችም እንዳላጠፋች፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ውሸት እንደነበረና የፈረምኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። በአማርኛ ስጨርስ በኦሮምኛ ደገምኩት፣ ሰዋሰዌ እየተሰበረ። መጨረሻ ላይ የሚስቅ አልነበረም። ቢፍቱ የስምንተኛ ክፍል ሰልፍ ጫፍ ላይ ቆማለች። አላጨበጨበችም፣ አላለቀሰችም። ደወሉ ሲደወል ከጓደኞቿ ጋር ክፍል ገባች።

ሀብታሙ ወረቀቱን አርሞ እንደገና ላከው። እኔና ሲስተር ዘነበች የታደለውን ወፍራም ጨርቅ ሁሉ ሰብስበን አዲስ ሥራ ጀመርን። ሐሳቡ የኦቦ ተሬሳ ነው፤ እኔ የሰፋሁት ብቻ ነኝ። ፎጣውን አወጣሁና በቦታው አንድ ሰፊ ስስ ጥጥ አደረግሁ፤ ለአራት ታጥፎ ገበሩ ውስጥ ይገባል። ሲታጠፍ እንደ ወፍራሙ ይይዛል፣ ሲታጠብ ግን እንደ ሻሽ ይዘረጋል። ጠርዙን በቀጭኑ ዘምዝሜ ጨረስኩት። ከለሩን ደንገዝገዝ ያለ አበባ ያለበት መረጥን፤ ገመድ ላይ ቢታይ ከሌላው ልብስ አይለይም። ሲስተር ዘነበች ዝናብ በሚጥልበት ቀን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሰቀሉት። በማግስቱ ቀትር ላይ ክንዳቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ልብስ ሰፍተሃል» አሉኝ። ከእሳቸው ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጎሬም፣ በደሌም፣ ሌላም ቦታ ወርጃለሁ፤ የሄድኩበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ ገመዱን አሳዩኝ እል ነበር። ሲስተር ዘነበች አርፈዋል። የስፌት ክፍሉን አሁን የሚመሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ስለ ማድረቅ የጠየቀችኝ ሴት ኃላፊ ሆናለች። እኔ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ማየት ሲያቅተኝ ወጣሁ። ቢፍቱ ፈተናውን አለፈች፤ ዘጠነኛ ክፍልን መቱ ዘመድ ቤት ሆና ተማረች። የቀረውን እሷ ታውራው፤ የእኔ አይደለም።

ስለ ሥራ ዘመኔ ሳስብ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የዚያ ሰኔ አንድ ቀን ነው። አዲሱን ጨርቅ ለቢፍቱና ለጓደኞቿ ካደልን ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ይደርቅላቸው እንደሆነ በዓይኔ ለማየት ዳሪሙ ወረድኩ። የፈተናው ሰሞን ነበር። ኦቦ ተሬሳ ደጃቸው ላይ ነበሩ። እንደ ቀድሞው አልቀዘቀዙብኝም፤ ግንዱ ላይ ቦታ ሰጡኝና ተቀመጥን። የቡና አልጋው ላይ የታጠቡ ጨርቆች ተዘርግተዋል፤ ከነሻሹ፣ ከነቀሚሱ፣ አበባ ያለባቸው የእኔ ስስ ጨርቆችም መሐል ለመሐል። አላፊ አግዳሚ በሚያየው መንገድ ዳር። እሳቸው የማር ዋጋ ነገር አነሡ፣ እኔም «ሳፉ» ያሉኝን አክብሬ ተከተልኳቸው። እያወራን ሳለ ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቆረ፤ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቅጠሉ ላይ ተሰሙ። ኦቦ ተሬሳ የጀመሩትን ቃል አቋርጠው ብድግ አሉ፣ ሮጡ፣ የቡናውን ሸራ ከግድግዳው መንጭቀው አልጋው ላይ ጣሉት፣ ዳርና ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። አንዲት ጥግ ተገልጣ ነበር፤ ተመልሰው ሄደው እሷንም ሸፈኑ። ከዚያ ርሰው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ስለ ማሩ የጀመሩትን ጨረሱልኝ። ቢፍቱ ያን ሰዓት ፈተና ላይ ነበረች።